ፊቷን ከታች ማን ያየዋል? ስለ አደባባይ ቅርጻ ቅርጽ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም «በየቀኑ የምታልፉትን ሐውልት እስቲ ንገሩኝ» ብዬ ነበር። አምስት ስድስት ደብዳቤ ቢመጣ ነው ብዬ ገምቼ ነበር። የመጣው ግን ጠረጴዛዬን ሞላው። ግማሹ ጥያቄ ነው፤ ግማሹ እሮሮ ነው። አንዱ ደግሞ የአንድ ሐውልት አፍንጫ ፎቶ ብቻ ነው፣ ያለ ምንም ጽሑፍ። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ጥቂቶቹን መርጫለሁ። ሠላሳ ዓመት ጭቃ ሳቦካ፣ ሰም ሳቀልጥ፣ ነሐስ ስሞርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መልሴ ከአንደበቴ ይልቅ ከእጄ የሚወጣ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቄ ከአንድ ትልቅ አደባባይ ፊት ለፊት ነው። አደባባዩ መሀል ሐውልት ቆሟል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሬን ስከፍትም ስዘጋም ከፊቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ ሰው «በእጁ የያዘው ምንድነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የሐውልቱ?

መልስ፦ ያንተም አይደለም፣ የሐውልቱም አይደለም። እዚያ ያቆሙት ሰዎች ጥፋት ነው።

እስቲ አስበው። ዙሪያውን መኪና ይሽከረከራል። በቅርብ ሊያየው የፈለገ ሰው ሦስት ረድፍ መኪና ማቋረጥ አለበት። ነፍሱ ተርፎ ቢደርስ አጥር ይጠብቀዋል። አሽከርካሪው ደግሞ ሐውልት አያለሁ ብሎ ዓይኑን ከመንገዱ ቢያነሳ ያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚፈላው። ታዲያ ለማን ነው የቆመው? ብዙ ጊዜ ለምረቃው ቀን ፎቶ ነው።

አንተ ከሱቅህ በር ላይ ሆነህ የምታየው ጠርዙን ብቻ ነው። ሰማዩ ላይ የታተመ ጥቁር ቅርጽ። ጣት፣ የዐይን ቆብ፣ በእጅ የተያዘ ነገር፣ እነዚህ ሁሉ ትንሽ ራቅ ሲሉ ይጠፋሉ። ዓይን ደግሞ አዲስ ነገር ካላገኘ ማየቱን ይተወዋል። አሥራ አንድ ዓመት ብዙ ነው።

ይህ ነገር እኔንም አንድ ጊዜ አንገብግቦኛል። ገና ወጣት ሳለሁ አንዲት የተቀመጠች ሴት እንድሠራ ታዘዝኩ። ጉልበቷ ላይ እጆቿን አጣምራ የምትጠብቅ ሴት። ማንን እንደምትጠብቅ አልተናገርኩም፤ ፊቷ ይናገር ብዬ። ፊቷ ላይ ብቻ አራት ወር ቆየሁ። የሠራኋት በጉልበት ከፍታ ባለ ድንጋይ ላይ እንድትቀመጥ ነበር። አላፊ አግዳሚው አጠገቧ አረፍ ሲል ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ። ሥራውን አስረክቤ ወጣሁ። ከዚያ ያሠሩኝ ሰዎች ተሰብስበው «እንዲህማ ዝቅ አትልም፣ ክብር ይገባታል» አሉ። ሦስት ሜትር መቆሚያ ገነቡላት። ቦታውንም ከአትክልቱ ወደ መንገዱ መሀል አዛወሩት። እኔ የሰማሁት በምረቃው ዕለት ነው።

ጨርቁ ተገለጠ። ከታች ሆኜ የታየኝ የጉልበቷ ሥር፣ አገጯና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። አጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ፊቷ አይታይም እንዴ?» አለቻት። ጭብጨባው ደመቀ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሊያሠራኝ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ አይደለም። «የት ነው የሚቆመው? ሰው ምን ያህል ይቀርበዋል?» ነው። የቦታው ነገር የሥራው ግማሽ ነው። ከግማሽ በላይ ነው የምልበትም ቀን አለ።

ትልልቆቹም ተጨንቀውበታል። ጣሊያናዊው ማይክል አንጀሎ «ዳዊት» የተባለውን ሐውልት ሲጀምር ሥራው የታሰበው ለፍሎረንስ ካቴድራል የጣሪያ ጠርዝ ነበር። ሲያልቅ ግን 5 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም እብነ በረድ ሆኖ ተገኘ። ማን እዚያ ላይ ያውጣው? በ1504 መጀመሪያ ላይ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ሰዎች ተጠርተው «የት ይቁም?» ብለው ተከራከሩ። ሠዓሊዎቹ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺና ቦቲቼሊ ከመካከላቸው ነበሩ። ስለ ቦታ ብቻ! በመጨረሻ የከተማው አስተዳደር ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆመ። ከሥራ ቦታው እዚያ እስኪደርስ አራት ቀን ፈጅቷል። ዛሬ እዚያ የሚታየው ቅጂ ነው፤ ዋናው በ1873 ወደ ቤት ውስጥ ገብቷል። ጭንቅላቱና እጆቹ ከሰውነቱ ጋር ሲተያዩ የገዘፉት ከታች ወደ ላይ እንዲታይ ታስቦ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔን ያሳምነኛል። ከታች የሚታይ ሥራ ከታች እየታየ ነው የሚሠራው። የእኔዋ ሴት ግን ፊት ለፊት እየታየች ነበር የተሠራችው።

የፈረንሳዊው ቀራጺ የሮዳን ታሪክ ደግሞ ለእኔ መጽናኛ ነው። የፈረንሳይዋ ካሌ ከተማ በ1347 በእንግሊዞች ተከብባ በረሃብ ስታልቅ፣ ስድስት ታላላቅ ሰዎች አንገታቸው ላይ ገመድ አስረው፣ የከተማዋን ቁልፍ ይዘው ወጡ። ለመሞት ነው የወጡት፤ በኋላ ምሕረት አግኝተዋል። ሮዳን እነዚህን ስድስት ሰዎች ጀግና አስመስሎ አልሠራቸውም። አንዱ ራሱን ይዟል፣ አንዱ የሚያደርገው ጠፍቶታል። መሬት ላይ ይቁሙ፣ ከተሜው በመካከላቸው ይመላለስ ብሎ ነበር። ከተማው ግን በ1895 ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ሰቀላቸው፤ በብረት አጥርም ከበባቸው። ሮዳን በ1917 ሞተ። በ1924 ከከተማው አዳራሽ ፊት ሲዛወሩ ነው እሱ እንደፈለገው ዝቅ ያሉት። እንግዲህ እኔም ከሞትኩ ከሰባት ዓመት በኋላ ያወርዷት ይሆናል።

መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ ጌትስሄድ አጠገብ ቀራጺው አንቶኒ ጎርምሊ በ1998 ያቆመው የብረት መልአክ 20 ሜትር ይረዝማል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 54 ሜትር ነው። ከአውራ ጎዳና ላይ በመኪና እየበረርክ ታየዋለህ። ግን እየው፣ ፊት የለውም። ጣት የለውም። ጠርዝ ብቻ ነው። ሰውየው ከመኪና የሚታየውን ያውቅ ነበርና የማይታየውን አልለፋበትም። ያም ሆኖ ኮረብታው ክፍት ነው፤ ወርደህ እግሩን መንካት ትችላለህ።

ደግሞ መቅረብ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካዊው ቀራጺ ሪቻርድ ሴራ በ1981 በኒው ዮርክ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መሀል ባለ አደባባይ ላይ 36 ሜትር የሚረዝም፣ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን የጎበጠ ብረት አቆመ። አደባባዩን ለሁለት ሰነጠቀው። በየቀኑ እዚያ የሚያልፉ ሠራተኞች ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ አጉረመረሙ። በ1985 ሕዝብ ተጠራና 180 ሰው ተናገረ። 122ቱ ይቆይ፣ 58ቱ ይነሳ አሉ። ይነሳ ተባለ። ሴራ «ለዚህ ቦታ የተሠራ ነው፤ ከዚህ ካነሳችሁት ማጥፋት ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። በ1989 በሌሊት ቆራርጠው ጫኑት። እኔ በዚህ ነገር ልቤ ሁለት ነው። እንደ ቀራጺ ከሴራ ጋር ነኝ። ምሳዬን ይዤ በየቀኑ ያን ብረት የምዞረው እኔ ብሆን ግን ምን እንደምል አላውቅም።

አንተን በተመለከተ አንድ ነገር ላስቸግርህ። እሑድ በማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ተሻገርና ዙረው። በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። አሁን ለእኔም አጓጉቶኛል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ሐኪም ስላዘዘኝ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። በምሄድበት መንገድ አንድም አግዳሚ ወንበር የለም። አንድም የሕዝብ መጸዳጃ የለም። ሐውልት ግን አዲስ ተተክሏል። ይህ ቅንጦት አይደለም ይላሉ?

መልስ፦ ጉልበቴ ከእርስዎ ጋር ይስማማል፤ እሱም ስድሳን አልፏል። ወንበርና መጸዳጃ የሌለበት መንገድ ላይ ሐውልት መትከል፣ እንግዳ ጠርቶ ወንበር ሳያቀርቡ የግድግዳ ሥዕል ማሳየት ነው።

ግን ወንበሩን የበላው ሐውልቱ ነው ወይ? ብዙ ጊዜ አይደለም። በብዙ አገር አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የሕዝብ ሕንፃ ሲሠራ ከወጪው መቶኛ አንድ ያህሉ ለሥነ ጥበብ ይመደባል። ፈረንሳይ በ1951 በትምህርት ቤቶች ጀመረችው። ከአሜሪካ ከተሞች ፊላዴልፊያ በ1959 ቀደመች። ዘጠና ዘጠኙ ለሲሚንቶው፣ ለቧንቧውና ለመብራቱ ነው። ወንበር ያልተቀመጠው ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ወንበር ያሰበ ሰው ጠፍቶ ነው።

«ሐውልቱ ቱሪስት ያመጣል፣ ገንዘቡ ይመለሳል» ብሎ የሚሟገት ሰው ሲመጣ ግን እኔም ኪሴን እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ያመጣል፤ የሚበዛው አያመጣም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ትንሽ ትንሽ ነው። «ከሐውልቱ ሥር እንገናኝ» ማለት መቻል አንድ ጥቅም ነው፤ አይናቁት። ከተማ ሲያድግ ሕንፃው ሁሉ መስታወት ይሆናል፣ ሁሉም ይመሳሰላል። እግረኛ የሚይዘው ምልክት ይፈልጋል።

የአሜሪካዋ ቺካጎ በ1967 የሠዓሊውን የፒካሶን ሥራ አደባባይዋ ላይ ስታቆም ሰው ሳቀ። 15 ሜትር የሚረዝም ብረት ነው፤ ውሻ ይሁን ሴት፣ ዝንጀሮ ይሁን ወፍ አይታወቅም። ፒካሶ ርዕስም አልሰጠውም። የቀረበለትን መቶ ሺህ ዶላር ደግሞ አልቀበልም ብሎ ሥራውን ለከተማዋ በስጦታ ሰጠ። ዛሬ ልጆች ዘንበል ያለው መሠረቱ ላይ ወጥተው ይንሸራተታሉ። ምንነቱን የሚጠይቅ የለም። የእነሱ ሆኗል።

ሐዘንም ቦታ ይፈልጋል። ማያ ሊን የ21 ዓመት ተማሪ ሳለች በ1981 ከ1,400 በላይ ዕቅድ የቀረበበትን ውድድር አሸነፈች። በቬትናም ጦርነት ለሞቱ አሜሪካውያን መታሰቢያ ነው። ፈረስ የለው፣ ጠመንጃ የለው፤ መሬት ውስጥ የገባ ጥቁር ግራናይት ላይ ከ58,000 በላይ ስም ብቻ። «ጥቁር የኀፍረት ጠባሳ» ተብሎ ተሰድቦ ነበር። ሰዎች እየመጡ የልጃቸውን ስም በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ እያሹ ስሙን ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ሐውልት ነው ወይስ ግድግዳ? ባልደረቦቼ ይከራከሩበታል። እኔ እጅ የሚነካው ነገር እስከሆነ ድረስ ከእኛ ወገን ነው እላለሁ።

ለጉልበታችን የሚሆነውንም ልንገርዎ። ስኮት በርተን የሚባል አሜሪካዊ ቀራጺ ነበር፤ በ1989 አረፈ። ከግራናይት ወንበር ይቀርጽና ሕዝብ መሀል ያስቀምጠው ነበር። ሰው ይቀመጥበታል፣ ምሳውን ይበላበታል፣ ይነሳል፤ ሐውልት ላይ ተቀምጦ እንደነበር ሳያውቅ። ለአካባቢዎ አስተዳደር ሲጽፉ «ሐውልቱን አንሱልን» አይበሉ። «የሚቀጥለው የሚያስቀምጥ ይሁን» ይበሉ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ መናፈሻ በሄድን ቁጥር የነሐስ አንበሳ ጀርባ ላይ ትወጣለች። ባለቤቴ «ቅርስ ነው ውረጂ» ይላታል። እኔ ዝም እላለሁ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ባልሽ ይቅር ይበለኝና አንቺ።

መጀመሪያ ግን በጣትሽ አንጓ አንኳኪው። ደህና ነሐስ እንደ ደወል ይመልስልሻል። ከበሮ ከሆነ ድምፁ፣ ፋይበር ግላስ በነሐስ ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቆዳ ይቆርጣል። እንዳይወዛወዝ ግፊው። ሹል ነገር ካለው፣ ከአንቺ ትከሻም በላይ ከሆነ፣ ባልሽ ትክክል ነው። ለሞቱ ሰዎች የቆመ መታሰቢያ ከሆነም እንደዚያው። አንበሳ ከሆነ ግን ትውጣ።

እጅ ነሐስን ያፈዝዘዋል ብለው የሚሰጉ አሉ። እንዲያውም ያበራዋል። ፍሎረንስ ገበያ አጠገብ አንድ የነሐስ ከርከሮ አለ። መጀመሪያ የቀረጸው ፒዬትሮ ታካ ነው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን። የሚያልፈው ሁሉ መልካም ዕድል ያመጣል ብሎ አፍንጫውን ያሻል። ሰውነቱ ጠቁሮ አፍንጫው ወርቅ መስሏል። ዛሬ የሚታሸው ቅጂ ነው፤ ጥንታዊው በሙዚየም ተቀምጧል። አየሽ፣ ሁለቱንም ማስደሰት ይቻላል። ልጅሽ የአንበሳውን ጀርባ ብቻዋን አትጨርሰውም። የአንበሳውም ጀርባ ወደፊት የት እንደሚያበራ ተመልከቺ፤ ሕፃናት የት እንደተቀመጡ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ያለው የነሐስ ሐውልት አረንጓዴ ሆኗል። ኃላፊው በሽቦ ብሩሽና በአሲድ አጽዱት ብሏል። ጥሩ ነው?

መልስ፦ ኸረ በፈጠራችሁ! ብሩሹን አስቀምጡት።

ያ አረንጓዴ ቆሻሻ አይደለም፤ ነሐሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከአየሩና ከእርጥበቱ ጋር የሠራው ቆዳ ነው። ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። የኒው ዮርኳ የነፃነት ሐውልት በ1886 ስትመረቅ ቀለሟ እንደ አዲስ ሳንቲም ነበር። የመዳብ ቆዳዋ ውፍረት 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አረንጓዴ ስትሆን በ1906 ቀለም እንቀባት የሚል ሐሳብ መጣ፤ ሕዝቡ እንቢ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ በአረንጓዴዋ ቆማለች።

በለሰለሰ ብሩሽ፣ በውኃና ለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ስስ ሰም ቀቡት። በዓመት አንዴ ይበቃዋል። የወፍ ኩስ ግን ዓመት አይጠብቅም፤ ቶሎ ይነሳ፣ ነሐስ ይበላል። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት በነጠብጣብ እየወጣ፣ ስትጠርጉት ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ በሽታ ነው፤ ባለሙያ ጥሩ። እኔ በወጣትነቴ የአንድ ሐውልት ትከሻ በአሲድ አጽድቼ አውቃለሁ። ሮዝ ሆኖ አበራ። ከሌላው አካሉ ጋር እስኪመሳሰል ዘጠኝ ዓመት በዚያ መንገድ አላለፍኩም።

ጥያቄ፦ ያስተማረን መምህር ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተን በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው መናፈሻ ሐውልት ልናቆምለት ኮሚቴ መሠረትን። ትምህርት ካለቀ በኋላ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያልገባንን ደግሞ ያስረዳን ነበር። ነሐስ ይሁን፣ ሲሚንቶ ይሁን፣ ፋይበር ግላስ ይሁን እየተከራከርን ነው። ከፍታውም አራት ሜትር ይሁን የሚሉ አሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ጥያቄያችሁን ሳታውቁት ራሳችሁ መልሳችሁታል። «ከዛፍ ሥር ተቀምጦ።» ታዲያ አራት ሜትሩ ከየት መጣ? አራት ሜትር ላይ ሆኖ ማንን ሊያስረዳ ነው?

ተቀምጦ ይሠራ። ዝቅ ባለ ድንጋይ ላይ። አጠገቡ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ይተው። መጠኑን በልክ አድርጉት፤ ግን ትንሽ ጨመር ይበል። ደጅ የቆመ ሥራ ሰማዩ ያሳንሰዋል፤ በሰው ልክ የሠራኸው ሰው ደጅ ሲወጣ ያነሰ ይመስላል። እኔ አንድ አሥረኛ ያህል እጨምራለሁ።

ስለ ቁሱ። ፋይበር ግላስ ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ግን ይጨርሰዋል። ቀለሙ ይለቃል፣ ይሰነጠቃል። በየጊዜው የሚያድስ ሰው ካላችሁ እንጂ እንዳታስቡት። ሲሚንቶ መጥፎ ነገር አይደለም። ጠላቱ ውስጡ ያለው ፌሮ ነው። ውኃ በትንሽ ስንጥቅ ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ከውስጥ ይፈነቅለዋል። አንድ ቀን ጣት ይወድቃል። ሲሚንቶ ከሆነ ፌሮው በደንብ ጠልቆ ይቀበር፤ ቀጭን ነገር አይኑረው። እጆቹ ሰውነቱ ላይ ይረፉ።

ነሐስ ውድ ነው። ለምን እንደሚወደድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በጭቃ ይቀረጻል። ከጭቃው ላይ ፎርማ ይወሰዳል። ፎርማው ውስጥ ሰም ይቀባል፤ የሰሙ ውፍረት የነሐሱ ውፍረት ነው፣ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል። ሰሙ እሳት በሚችል ቅርፊት ይሸፈናል። ከዚያ ይጋገራል፣ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ሰም በነበረበት ባዶ ቦታ ከሺህ ዲግሪ በላይ የጋለ ነሐስ ይገባል። ትልቅ ሥራ ከሆነ ተከፋፍሎ ነው ነሐሱ በየክፍሉ የሚፈስሰው፤ በኋላ በብየዳ ይጋጠማል፣ ይሞረዳል፣ ይታጠባል፣ ቀለሙ በእሳትና በኬሚካል ይወጣል። ወራት ነው። ግን ከተሠራ በኋላ ከእኛ ሁሉ ዕድሜ ይበልጣል።

ነሐሱን ከወሰናችሁ ሁለት ነገር ውል ላይ ይጻፍ። አንዱ፣ ውስጥ የሚቀረው ብረትና የመሠረቱ ብሎን የማይዝግ ብረት ይሁን። መዳብና ተራ ብረት እርጥበት ላይ ከተነካኩ ብረቱ ይበላል። የነፃነት ሐውልት ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ከ1984 እስከ 1986 የመዳብ ቆዳዋን የደገፉት የውስጥ ብረቶች በማይዝግ ብረት ተቀየሩ። ሌላው፣ መሬቱ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። በ2005 የእንግሊዛዊው ቀራጺ የሄንሪ ሙር ሁለት ቶን የሚመዝን ነሐስ በእንግሊዝ በሌሊት ተሰርቋል። ፖሊስ ለቁራጭ ብረት ቀልጧል ብሎ ነው ያመነው። ሁለት ቶን ተሰርቆ የእናንተ መምህር አይሰረቅም አይባልም።

ፎቶ ስትሰጡ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቀራጺ ጎን ይፈልጋል። ጀርባ ይፈልጋል። ሲስቅ የተነሳው፣ ስብሰባ ላይ ሳያውቅ የተነሳው ይሻላል። ከሁሉ ይበልጥ ተማሪዎቹን ሰብስባችሁ «እጁን እንዴት ነበር የሚያደርገው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ፊት ይረሳል እንጂ ጠመኔ የያዘ እጅ አይረሳም። ጭቃው ሳይደርቅም ሄዳችሁ እዩት። ነሐስ ከሆነ በኋላ «አፍንጫው እንዲህ አልነበረም» ማለት ዋጋ የለውም።

ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ሥራ አላችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በካርቶንና በጣውላ የተቀመጠ ሰው ልክ ሥሩ። አታሳምሩት። ከዛፉ ሥር አስቀምጡትና ሳምንት ተዉት። ጠዋት ሂዱ፣ ቀትር ላይ ሂዱ፣ ማታ ሂዱ። ፀሐይ ፊቱን በስንት ሰዓት ያገኘዋል? ልጆች በየት በኩል ይሮጣሉ? ከጀርባው ቆሻሻ መጣያ አለ ወይ? የዛፉ ላይ ወፎችስ? አንዴ ለአንድ ሥራ ይህን አድርጌ በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከካርቶኑ አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ አገኘኋቸው። ቦታው እዚያው ሆነ። የካርቶኑን ሰው «ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ብለውም ጠየቁኝ።

ምን ያህል ይጻፍበት ለሚለው ስሙን፣ የኖረበትን ዘመንና «መምህር» የሚለውን። የኮሚቴውን አባላት ስም ዝርዝር ተዉት፣ አደራ።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አጎቴ የፈረስ ሐውልት ሁለት እግሩን ካነሳ የተቀመጠበት ሰው ጦርነት ላይ ሞቷል ማለት ነው፣ አንድ እግር ካነሳ ቆስሏል ማለት ነው አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አጎትሽን ሰላም በዪልኝ። ይህን ነገር ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን እውነት አይደለም። ሁለት እግሩን ያነሳ ፈረስ ላይ ሆነው በአልጋቸው ላይ የሞቱ ሰዎች አሉ። ቀራጺው እግሩን የሚያነሳው ሲያምርበት ነው።

ግን ሌላ ደስ የሚል ምሥጢር ልንገርሽ። ፈረስ ሁለት እግሩን አንስቶ እንዳይወድቅ ማድረግ በጣም ከባድ ነው። ከርከሮውን የሠራው ታካ፣ ከላይ የጠቀስኩት፣ በ1640 አካባቢ ለስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ አራተኛ እንደዚህ ያለ ፈረስ ሠርቷል፤ ማድሪድ ውስጥ ዛሬም አለ። ከባዱን ወደ ኋላ፣ ቀላሉን ወደ ፊት አደረገው። በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ደግሞ ፋልኮኔ የሚባል ፈረንሳዊ በ1782 የተመረቀ ትልቅ የነሐስ ፈረስ አለው። ጴጥሮስ የሚባል ንጉሥ ተቀምጦበታል። ፈረሱ በኋላ እግሩ እባብ ረግጧል። ሰው ሁሉ እባቡ ጠላት ነው ይላል፤ ነውም። ግን ጭራውን እዪው፤ እባቡን ነክቷል። ሦስተኛው እግሩ እሱ ነው። እባቡ ባይኖር ፈረሱን ማቆም ጭንቅ ነበር።

አጎትሽ የሚያሳይሽ ፈረስም ካለ ከኋላው ዞረሽ ጭራውን ፈልጊና ጻፊልኝ።